ሃሪስ የተባለው የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም ከየት መጣ? ሃሪስ የሚባሉ ሁሉስ ከአንኮበሩ ካፕቴን ሃሪስ ጋር ይዛመዳሉ?

ጠያቂ፦ የአንኮበሩ አስጎብኚ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። በአንኮበርና በአካባቢዋ እንግዶችን አስጎበኛለሁ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ላይ ቆሜ ታሪክ ስናገር የካፕቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስን ልዑክ ሳላነሳ አላልፍም። ይህ መልእክተኛ በ1841 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በአልዩ አምባ በኩል ዳገቱን ወጥቶ አንኮበር ገባ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተፈራረመ በኋላ በ1843 ወደ መጣበት ተመለሰ። ይህን ያህሉን ለእንግዳ ሁሉ እናገራለሁ።

የቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ሰሞኑን ያስጎበኘኋቸው አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ የቤተሰብ ስማቸው ሃሪስ ሆኖ ተገኘ። ስልካቸውን አውጥተው የዘር ሐረጋቸውን ሠንጠረዥ አሳዩኝ፤ የመጀመሪያው ሰው ዴቨን በተባለ አውራጃ የኖረ ሸማኔ ነው፤ ከእርሱ በላይ ያለው ቦታ ገና አልተሞላም። «ካፕቴኑ ዘመዴ ይሆን?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አጣርቼ በኢሜይል እጽፍልዎታለሁ ብዬ ተለያየን። የሙያ ባልደረባዬ ስሙ ሃሪስ ከምትባል የስኮትላንድ ደሴት የመጣ ነው ይላል። ስለዚህ ስሙ እንዴት እንደተፈጠረ፣ በብሪታንያ የትኛው አካባቢ እንደሚበዛ፣ ስምን ብቻ ይዞ ዝምድና መናገር ይቻል እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ለእርሳቸውም ለሌላውም እንግዳ የተጣራ መልስ ይኖረኛል።

መልስ፦ ተጉለቴው

ባልደረባዎ ሳይሳሳት አይቀርም ለማለት አልደፍርም፤ እኔም የሰማሁት እንደዚያው ነው። ሃሪስ ትዊድ የሚባለው ታዋቂ የሱፍ ጨርቅ የሚሠራባት ደሴት አለች፤ ስሟም ሃሪስ ነው። በብሪታንያ ብዙ ሰው በትውልድ ቦታው ስም እንደሚጠራ ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ አያቶቻቸው ከዚያች ደሴት የወጡ ይመስለኛል። የተሻለ የሚያውቅ ካለ ያርመኝ።

መልስ፦ መምህር ከደብረ ብርሃን

ተጉለቴው ወንድማችን የሰነዘሩት ሐሳብ ብዙ ሰው የሚናገረው ነው፤ ነገር ግን የደሴቲቱና የቤተሰቡ ስም የሚገናኙት በአጻጻፍ ብቻ ነው። ደሴቲቱ የምትገኘው ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ በሄብሪድስ ሲሆን፣ ሉዊስ ከተባለው ክፍል ጋር በየብስ የተያያዘች ናት፤ ነዋሪዎቿ በራሳቸው በጌሊክ ቋንቋ የሚጠሯትም በሌላ አነጋገር ነው። እኔን በይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን እዚያ የሚኖረው ሕዝብ ስም ነው። በደሴቲቱ የበዙት ማክላውድ፣ ሞሪሰን፣ ማክዶናልድ የሚባሉ ቤተሰቦች ናቸው። ከቦታ የወጣ የቤተሰብ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው በዚያው ቦታ ዙሪያና በጎረቤት ወረዳዎች ስለሆነ፣ ሃሪስ ከደሴቲቱ የወጣ ስም ቢሆን ኖሮ በምዕራብ ስኮትላንድ ሞልቶ ባየነው ነበር። ስሙ የሚበዛው ግን በደቡብና በምዕራብ እንግሊዝ፣ በመካከለኛው እንግሊዝ የምዕራብ ክፍልና በደቡብ ዌልስ ነው። ከደሴቲቱ ይህን ያህል የራቀ ቦታ ብሪታንያ ውስጥ ማግኘት ራሱ ይከብዳል።

ሃሪስ የአባት ስም ነው። «የሃሪ» ማለት ሲሆን፣ ሃሪ ደግሞ ሄንሪ የሚለው ስም በመካከለኛው ዘመን ይጠራ የነበረበት የአፍ አነጋገር ነው። ስሙን ያመጡት በ1066 እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ናቸው። በፈረንሳይኛ በአፍንጫ የሚነገረውን የ«ን» ድምፅ እንግሊዞቹ እየዋጡት ሃሪ አሉት። ጸሐፊው በላቲን «ሄንሪኩስ» ብሎ ይመዘግባል፣ በመንደር ግን ሰውዬው የሚጠራው ሃሪ እየተባለ ነው። ከ1100 ጀምሮ በ1547 እስከሞተው ድረስ ሄንሪ የሚባሉ ስምንት ነገሥታት ስለነገሡ፣ ስሙ ከቤተ መንግሥት እስከ ገበሬ ቤት ድረስ ተዳርሷል፤ በዚያ ዘመን ሃሪ የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግር ነበር ማለት ይቻላል።

የእንግሊዝ ሕዝብም በዚያ ዘመን የሚጠራው ከእኛ በማይርቅ ሥርዓት ነበር። የሃሪ ልጅ ጆን በሃሪ ይጠራል፤ የጆን ልጅ ዊልያም ደግሞ በጆን እንጂ በአያቱ በሃሪ አይጠራም። ልዩነቱ የመጣው ስሙ በአንድ ትውልድ ላይ ቆሞ ሲቀር ነው። መጀመሪያ የኖርማን ባላባቶች የርስታቸውን ስም ለልጆቻቸው አወረሱ፤ ቀጥሎ የከተማ ነጋዴዎች፣ ከዚያም በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት ጭሰኛውና ባለ እርሻው ተከተሉ። ደቡቡ ክፍል ከሰሜኑ ቀደመ። ለዚህ ካበቁት ነገሮች ዋነኞቹ መሬትን ማውረስና ግብር ማስከፈል ናቸው፦ የባላባቱ ችሎት መሬቱን ለማን ልጅ እንዳሳለፈ መዝግቦ መያዝ ነበረበት፤ በ1377፣ በ1379ና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣልም ሰዎችን በየስማቸው ለይቶ መጻፍ ግድ ሆነ። ወደ 1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ የሚወረስ ስም ነበረው። በ1538 ደግሞ የሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲያሰፍር ስላዘዘ፣ ስሙ በቀለም ተጽፎ ጸና።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለጥያቄዎ ዋናው ይመስለኛል። ስሙ የቆመው በአንድ ቤት ሳይሆን እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ በብዙ መቶ መንደሮች ውስጥ፣ በተለያየ ጊዜ ነው። የኦክስፎርዱ ሃሪና የኮርንዋሉ ሃሪ በደም ምንም አይገናኙም፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን ሁለቱም ሃሪስ ተብለው ቀሩ። በእኛ በመንዝ የቃል ታሪክ ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉ አቅኚ አባቶች ስማቸውን ለምድሪቱ ስለሰጡ፣ የማማ ምድር ባለርስት ነኝ የሚል ሰው ትውልዱን ወደ አንድ የታወቀ ሰው ይቆጥራል። ሃሪስ የሚለው ስም ግን እንዲህ ያለ አንድ አቅኚ አባት የለውም።

በካርታ ላይ ስላለው ስርጭት አንድ ነገር ልጨምር። ያው የሄንሪ ልጅነት በሰሜን እንግሊዝ የሚነገረው ሃሪሰን ተብሎ ነው፤ «ሰን» ማለት ልጅ ነው። ሰሜኑ ክፍል ከቫይኪንጎች ሠፈራ የተነሣ የስካንዲናቪያ ልማድ የበረታበት ስለሆነ በላንካሻየር፣ በዮርክሻየርና በደርሃም ሃሪሰን ሲበዛ፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በወረዱ ቁጥር በ«ስ» ብቻ የሚያልቀው ሃሪስ ይተካዋል። በስኮትላንድ ደግሞ ሄንደርሰንን ያገኛሉ። ስለዚህ ሃሪስና ሃሪሰን የሚለዩት በዘር አይደለም፤ የአባቶቻቸው መንደር ከአገሪቱ በየትኛው ወገን እንደነበረ ነው የሚያመለክቱት።

መልስ፦ የቡልጋ ልጅ (ካርዲፍ)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እንዲህ ተብራርቶ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ለብዙ ዓመት የኖርኩት በዌልስ ስለሆነ የዚህን ወገን ልጨምር።

ዌልሶች የቤተሰብ ስም የያዙት ከእንግሊዞች በጣም ዘግይተው ነው። «አፕ» ወይም «አብ» በራሳቸው ቋንቋ ልጅ ማለት ሲሆን፣ አንድ ሰው የአባቱንና የአያቱን፣ አንዳንዴም እስከ አምስትና ስድስት ትውልድ ድረስ ያሉትን ስሞች በ«አፕ» እያያያዘ ራሱን ያስተዋውቅ ነበር። ዌልስ በ1536 በወጣው ሕግ ከእንግሊዝ ጋር ተዋሕዳ የፍርድ ቤት ሥራ በእንግሊዝኛ ሲሆን ጸሐፊዎቹ ይህን ረጅም ስም አልወደዱትም። መኳንንቱ ወዲያው አሳጠሩ፤ ተራው ገበሬ ግን በአንዳንድ አካባቢ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ በአባት ስም ብቻ መጠራቱን ቀጠለ። አፕ ሃሪ የነበረው ተጋጥሞ ፓሪ ሆነ፤ በዚሁ መንገድ አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሃወል ፓወል፣ አብ ኦወን ቦወን ሆኑ። ስለዚህ ፓሪ የሚባል የዌልስ ሰው ስታገኙ፣ ከሃሪስ ጋር በአንድ ስም ላይ የተመሠረተ መጠሪያ እንደያዘ እወቁ።

በዌልስ ውስጥ ራሱ ሃሪስ የሚለው ስም እኩል አልተዳረሰም። ሰሜኑ የፓሪ አገር ነው። ደቡብ ምዕራቡ፣ ማለት ፔምብሮክሻየርና ካርማርተንሻየር፣ የሃሪስ አገር ነው፤ እዚያ አንድ ፊደል ተጨምሮበት ሃሪየስ ተብሎ የሚጻፍ ዓይነትም አለ። የፔምብሮክሻየር ደቡብ በሄንሪ 1ኛ ዘመን እንግሊዞችና ፍሌሚሾች የሠፈሩበት ስለሆነ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንግሊዝኛ የሚነገርበት ምድር ነው፤ የእንግሊዞች ዓይነት የአባት ስም እዚያ መብዛቱ አያስገርምም። ከዚያ በ19ኛው መቶ ዓመት የብረት ማቅለጫውና የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ሲከፈት፣ ከእነዚህ አውራጃዎችም ከባሕሩ ማዶ ከሶመርሴትና ከዴቨንም ሕዝቡ ሥራ ፍለጋ ወደ መርተርና ወደ ሌሎቹ የግላሞርጋን ሸለቆዎች ጎረፈ። በዚህ ምክንያት ዛሬ በእነዚህ ሸለቆዎች ሃሪስ የሚባል ሰው የዌልስ ገበሬ ዘርም፣ የእንግሊዝ ፍልሰተኛ ዘርም ሊሆን ይችላል፤ ከስሙ መለየት አይቻልም።

በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። በጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ የተሠሩ ሁለት የመቃብር ሐውልቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ጽሑፉ የአንድ እርሻ ልጆች፣ ወንድማማቾች መሆናቸውን ይናገራል። አንደኛው ሃሪስ፣ ሁለተኛው ሃሪየስ ተብለው ተጽፈዋል። ፊደሉን የወሰነው ቀራጩ ይሁን ቤተሰቡ እንጃ፤ አጻጻፉን እንደ ዘር ምልክት የሚቆጥሩ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ድንጋይ ቢያዩ ይጠቅማቸዋል። ከዚሁ አገር ሰዎች ስሙ የገነነው በ18ኛው መቶ ዓመት የዌልስን የሜቶዲስት እንቅስቃሴ ከመሩት አንዱ የሆነው፣ የትሬቬካው ሰባኪ ሃወል ሃሪስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አዘውትረው የሚሄዱ እንግሊዛውያን እንግዶች ካገኙ ይህን ቢያነሱላቸው ደስ ይላቸዋል።

ጠያቂ፦ የአንኮበሩ አስጎብኚ

መምህርም፣ እህቴም፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ የደሴቲቱ ነገር ተዘጋ ማለት ነው። ሦስት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ካፕቴኑ ራሱ ከየት አካባቢ ነበር? መካከለኛ ስሙ ኮርንዋሊስ መሆኑ ከኮርንዋል መምጣቱን ያሳያል የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ፤ ኮርንዋል ደግሞ የእንግዳዬ አባቶች ከኖሩበት ከዴቨን ጋር ይዋሰናል። ሁለተኛ፣ እንግዳዬ የዲኤንኤ ምርመራ ለማድረግ አስበዋል፤ ይጠቅማቸዋል? ሦስተኛው ከወጣቶች የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ የካማላ ሃሪስ ስም ከዚሁ ነው ወይ ይሉኛል።

መልስ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ

ሙያዬ ሰነድ ስለሆነ በሰነድ በኩል ልመልስልዎ።

ካፕቴኑ የተወለደው በ1807 በኬንት አውራጃ፣ ዊተርሻም በተባለ መንደር ነው። ኬንት የእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ሲሆን ዴቨንና ኮርንዋል ያሉት በተቃራኒው በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የጦር መሐንዲስ ሆኖ በቦምቤይ አገለገለ፤ ወደ ሸዋ ከመምጣቱ በፊት በደቡብ አፍሪካ ባደረገው የአደን ጉዞ ያገኘው ትልቅ ጥቁር የዱር እንስሳ ለረጅም ጊዜ በእርሱ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ከሸዋ ከተመለሰ በኋላ በ1844 የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ፤ በ1848 በሕንድ አገር፣ ፑና አጠገብ ሞተ። ኮርንዋሊስ የሚለው መካከለኛ ስም የትውልድ ቦታን አያሳይም። በጥንት ጊዜ «የኮርንዋል ሰው» ማለት የነበረ፣ ኋላ ግን እንደ ሃሪስ ሁሉ የቤተሰብ ስም ሆኖ የጸና መጠሪያ ነው። እንግሊዞች የአንድን ዘመድ ወይም የተከበረ ሰው የቤተሰብ ስም ወስደው ለልጅ መካከለኛ ስም ማድረግ ይወዳሉ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሕንድን ከ1786 እስከ 1793 ያስተዳደሩት ሎርድ ኮርንዋሊስ ስማቸው የገነነ ነበር። ካፕቴኑ በእርሳቸው ስም ተሰየመ ብዬ አልፈርድም፤ ከስሙ ተነሥቶ ኮርንዋል ድረስ መሄድ ግን መሠረት የለውም።

እግረ መንገዴን ከሌላ ሃሪስ ጋር እንዳይምታታብዎ ላሳስብ። በ1799 በደቡብ ሕንድ ሴሪንጋፓታምን የያዘው ጄኔራል ጆርጅ ሃሪስም የኬንት ሰው ነበር፤ በ1815 ባሮን ተብሎ ማዕረጉ ለልጆቹ ተላልፏል። ያው ስም፣ ያው አውራጃ፣ ያው የሕንድ አገልግሎት ነው፤ አንዳንድ ሰው ይህን ብቻ አይቶ አጎትና የወንድም ልጅ ያደርጋቸዋል። ኬንት ውስጥ ሃሪስ የሚባል ቤተሰብ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ዝምድናን የሚያቆመው የጥምቀትና የኑዛዜ ሰነድ እንጂ የስም መመሳሰል አይደለም።

ስለ ዲኤንኤው፦ የወንድ ልጅ ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ የቤተሰብ ስም በሚሄድበት መንገድ ይሄዳል። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙም ሰው የማይጠራበት ስም የያዙ ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ ተቀራራቢ ክሮሞዞም ሲኖራቸው፣ እንደ ስሚዝ ያለ እጅግ የተለመደ ስም የያዙት ግን ከመንገድ ላይ በዕጣ ከተመረጡ ሰዎች የተለየ ቅርበት የላቸውም። ሃሪስ በእንግሊዝ ከተለመዱት ስሞች መካከል ስለሆነ የሚመደበው ከሁለተኛው ወገን ጋር ነው። ምርመራው የሚጠቅመው ሁለት የታወቁ ሰዎችን ለማነጻጸር ነው፤ ስለዚህ ከካፕቴኑ አባት ወይም አያት በወንድ በኩል የሚወለድ አንድ ሰው ተገኝቶ አብሮ ካልተመረመረ፣ የእንግዳዎ ውጤት ብቻውን ምንም አይነግራቸውም። በዚያ ላይ በእንግሊዝ ሰው ስሙን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ በአጠራር ብቻ መቀየር ይችላል፤ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ የእናቱን ስም ይይዝ ነበር፤ የእንጀራ ልጅም የእንጀራ አባቱን ስም ይወስድ ነበር። በስድስት መቶ ዓመት ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ሳይገጥመው የቀረ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስሙ የሚከተለው የወንዱን መሥመር ብቻ መሆኑንም አይርሱ። በእኛ አገር ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም በእናቱም ይቆጥር ነበርና የሴት አያቶቹን ስም ያውቃል፤ እንግሊዛዊው ስሙን ብቻ ከተከተለ ግማሹ ዘመዱ ከእጁ ይወጣል። እንግዳዎ ከካፕቴኑ ጋር በሴት በኩል ቢዛመዱ ኖሮ ስማቸው ሃሪስ መሆኑ ለዚህ ነገር ምስክር አይሆንም ነበር።

የካማላ ሃሪስ ስም የመጣው ከጃማይካዊው አባቷ ነው። በካሪቢያንና በአሜሪካ በባርነት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የእንግሊዝኛ የቤተሰብ ስም ያገኙት በብዙ መንገድ ነው፦ ከባለቤቱ፣ ከአጥማቂው ወይም ከክርስትና አባት፣ ከነጻነት በኋላም በገዛ ምርጫቸው። በአሜሪካ ከባርነት የወጡት አብዛኞቹ ሰዎች በሕዝብ ቆጠራ ላይ በስማቸው የተመዘገቡት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው። በ2010 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ሃሪስ የሚባሉት ከ600 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ ጥቁሮቹ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ስሙ ከዚያው ከጥንቱ ሃሪ የመጣ ነው፤ የሰዎቹ የዘር ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ ለወጣቶቹ ሁለቱን ለይተው ቢነግሯቸው መልካም ነው።

መልስ፦ ተጉለቴው

ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ እንግዳው ከአገራቸው ሳይወጡ ሊያጣሩት የሚችሉት የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው? አስጎብኚያችን በኢሜይል የሚጽፍላቸው አንድ ቁም ነገር እንዲኖረው ብዬ ነው።

መልስ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ

ከካፕቴኑ እንዳይጀምሩ ነው የምመክረው። ከታወቀ ሰው ተነሥቶ ወደ ራስ መውረድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመኙትን ዘመድ ያስገኛል፤ መሄድ ያለባቸው ከራሳቸው ወደ ኋላ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ነው፤ እያንዳንዱ ነዋሪ በስሙ የተመዘገበበት የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የ1841ዱ ነው፤ ካፕቴኑ አንኮበር የገባበት ዓመት መሆኑ ለእርስዎ ወግ ይሆናል። የ1881 ቆጠራ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ተገልብጦ ስለሚገኝ የስሞች ካርታ የሚሠራውም በአብዛኛው በእርሱ ነው። የሸማኔው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በ1851 በሕይወት ከነበረ፣ በዚያ ዓመት ቆጠራ የተወለደበት አጥቢያ በስም ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያ ወደዚያው አጥቢያ የጥምቀት መዝገብ መሄድ ነው። እዚያ የሸማኔው አባት በኬንት የተወለደ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ መመርመር ይገባዋል። አባቱም አያቱም የዚያው የዴቨን አጥቢያ ሰዎች ከሆኑ ግን፣ ለእንግዳዎ ሊጽፉላቸው የሚገባው ከካፕቴኑ ጋር የሚጋሩት ስሙን ብቻ መሆኑን ነው።